የስታኒያ ራጅ

እህቴ፣ ሚስት ያገባ ትልቅ ሰው እጁን በጥፊ መትተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አሁን መታሁ።

«እትዬ ዴሳንካ፣ ይልቀቁኝ!» ይላል ራዶማን። እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንስቼ ይዤዋለሁ። የሆስፒታሉን ሰርቨር የምንጠብቀው እኔና እሱ ነን።

«አልለቅም። መጀመሪያ ምን እንዳደረግህ ንገረኝ።»

«የላቦራቶሪው ዲስክ ሞላ። ከራጆቹ ቦታ ላይ ቆረጥኩለት።»

«ፋይሎቹን ቀድመህ ሰብስበህ ነው?»

ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

አየሽ፣ ክፍል ስታጠብቢ መጀመሪያ ዕቃውን ወደ ውስጥ ትሰበስቢያለሽ፤ ግድግዳውን የምታስጠጊው ከዚያ ነው። እሱ ግድግዳውን አስቀደመ። የአሥራ ሁለት ዓመት ራጅ ግማሹ ውጭ ቀረ።

ስክሪኑ ላይ ማሽኑ «መጠኑ አይገጥምም፤ ላቁም?» ይላል። ራዶማን «አይ፣ ቀጥል፣ ጠግን» ሊለው ነበር። ቢለው ኖሮ ውጭ የቀረውን እንደሌለ ቆጥሮ ይጥለዋል።

«የስታኒያ ራጅ እዚያ ውስጥ ነው» አለኝ። ስታኒያ ሚስቱ ናት። ስምንት ሰዓት ላይ ሐኪሙ የዛሬውንና የአምናውን ጎን ለጎን አይቶ፣ ኦፕራሲዮን ትሁን አትሁን ይወስናል።

«የቆረጥከውን ለላቦራቶሪው ሰጠኸው? የተጻፈበት ነገር አለ?»

«ገና ነኝ።»

«ተመስገን! በል ተነሥ፣ አንተ ችኩል። በሰባት ወርህ ነው እንዴ የተወለድከው?»

አልሳቀም። ወንበሩን ለቀቀልኝ።

ማሽኑ ግድግዳ ከመነካቱ በፊት የት እንደነበረ በራሱ ጽፎ ያስቀምጣል። የዛሬ ጠዋቱን ፈልጌ አገኘሁት። አማተብኩና ግድግዳውን ወደ ቦታው መለስኩ። ከዚያ ምንም ሳይነካ እንዲያይ ብቻ አዘዝኩት።

ቁጥሩ ወደ መቶ ይሄዳል። ዐሥር። አርባ። ለቅዱስ ኒኮላ በዓል ብዬ ቀቅዬ ያመጣሁት ጣፋጭ ስንዴ አጠገባችን ነው፣ ማንኪያው እንደተሰካ። ሰባ ላይ ቆመ።

«ሞተ» አለ ራዶማን።

«አፍህን ዝጋ።»

አሁን እሱ ነው የኔን እጅ የያዘው። ጣቶቼን ሊሰብራቸው ምንም አልቀረው። ሰባ አንድ አለ። ከዚያ ቁጥሩ እስከ መቶ ሮጠ።

ንጹሕ ነው፤ ምንም አልጠፋም።

ራዶማን ፋይሉን ከፈተ። የስታኒያ የጎድን አጥንቶች፣ መሃላቸው ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ መስቀል።

«አውልቂው ቢሏት እምቢ ብላ» አለኝ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። እህቴ፣ ዛሬ ስትጸልዪ ስታኒያ ብለሽ ጥሪልኝ።