የልጄን ስም አጥፋው

«የልጅሽ ስም ማነው?» አለ የኢንተርኔት ቤቱ ሠራተኛ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

«ዮፍታሔ። ምን ሊያደርግልህ?»

«ፓስወርድሽን በእሱ ስም ላደርገው ነው፤ እንዳይጠፋብሽ።»

«አጥፋው!»

ለነርስነት ሥራ ልትመዘገብ የመጣችው ሴት ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «ድረ ገጹ ራሱ አውጥቶ የሚሰጠው አለ አይደል? እሱን ስጠኝ።»

«እሱ እኮ ዝብርቅርቁ የወጣ ፊደልና ቁጥር ነው፤ አታስታውሺውም። ሁሉም ሰው የልጁን ስም ነው የሚያደርገው።»

«እሱን ስጠኝ አልኩህ! አማርኛ አይገባህም?»

ከኋላዋ ተራ የያዙት ማጉረምረም ጀመሩ። ነጠላ የለበሰች ሴት፣ «እህቴ፣ ለአንድ ፓስወርድ ይሄ ሁሉ ጩኸት? ሰው እየጠበቀ እኮ ነው» አለቻት።

ነርሷ ወደ ባለነጠላዋ ዞረች።

«ባለፈው ዓመት አንድ ሆስፒታል ተቀብሎኝ በኢሜይል ጠርቶኝ ነበር። ፓስወርዴ የልጄ ስም ነበር። ባለቤቴ ከፍቶ፣ በእኔ ስም ‹ሥራውን አልፈልገውም› ብሎ መለሰላቸው። ስምንት ወር ሙሉ ጥሪ ስጠብቅ፣ አጠገቤ ተቀምጦ ‹አይዞሽ› ይለኝ ነበር።»

ሠራተኛው የጻፈውን አጠፋና አንድ ቁልፍ ተጫነ። ስክሪኑን ወደ እሷ አዙሮ የራሱን ፊት ወደ ግድግዳው መለሰ። እሷም ፊደሉን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ገልብጣ፣ አጣጥፋ ካልሲዋ ውስጥ ከተተችውና ወጣች።

ተራው የባለነጠላዋ ሆነ። ወንበሩን ወደ ሠራተኛው አስጠግታ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የእኔ ምዝገባ ይቆይ» አለችው። «መጀመሪያ የድሮ ፓስወርዴን ቀይርልኝ።»