ሁለተኛው ሲኒ

ልጅቷ ሁለት የአይጥ ጉበቶችን በሳህን አድርጋ፣ ከቢላ ከተማ እስከ ነቀምቴ ላቦራቶሪዋ ድረስ ለመጡት ባህላዊ ሐኪም አባቷ አቀረበችላቸው። ከነጩ ጋውን ሥር ለእናቷ የለበሰችው የሐዘን ጥቁር ቀሚስ ይታይ ነበር። ሁለቱም አይጦች ጉበት የሚጎዳ መርዝ ከተሰጣቸው በኋላ አባቷ የቀመሙትን የስሚዛ ቅጠል መድኃኒት ጠጥተዋል። አንደኛው ጉበት ቀይና ለስላሳ ነበር፤ ሌላው ገርጥቶ አብጧል።

«ቀዩ በእርስዎ ልክ የጠጣው ነው፣ አባኮ። ቅጠሉ ከመርዙ ጠብቆታል» አለች።

«ያኛውስ?»

«እጥፍ የጠጣው ነው።»

ሽማግሌው መድኃኒት የሚለኩባትን ሲኒ ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ በአፏ ደፏት።

«ለአርባ ዓመት ለማንም ከአንድ ሲኒ አላሳለፍኩም» አሉ። «ለእናትሽ ግን ሳሳሁላትና ሁለት ሰጠኋት።»