ጳጉሜን ስልሳ ሦስት

ሕጉ አጭር ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ምክር ቤት ቀርበው ንግግር ሳያደርጉ መስከረም አይጠባም። ገዢው ፓርቲ ንግግሩ ሰኞ ይሁን ሲል ተቃዋሚው ማክሰኞ ይላል፤ ገዢው ማክሰኞን ሲቀበል ተቃዋሚው ወደ ሰኞ ይዞራል። ዛሬ ጳጉሜን ስልሳ ሦስት ነው።

ወይዘሮ ትርንጎ ግን ደልቷቸዋል። አንድ ልጃቸው ማስተዋል መስከረም ሲጠባ ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ለመንገዷ የተቆላውን ዳቦ ቆሎ እናትና ልጅ እቤት ተቀምጠው ይጨርሱታል፤ እናት ደስ እያላቸው ሌላ ይቆላሉ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው አቶ ደምሰው፣ የተቃዋሚው የምክር ቤት አባል፣ እየሳቁ ገቡ።

"ማስተዋል፣ ሻንጣሽን ዝጊ! በሰኞ ተስማማን። ነገ ጠዋት እንፈርማለን።"

ልጅቷ ዘላ አቀፈቻቸው። እናት ዳቦ ቆሎ በሳህን አቀረቡ።

"እሰይ! ሰኞ ግን የእነሱ ሐሳብ አልነበር እንዴ፣ ጋሼ ደምሰው?"

"መጀመሪያ የእነሱ ነበር፤ አሁን የእኛ ነው።"

"እሱስ ልክ ነው። ብቻ ሰፈሩ 'መንበርከካቸው አይቀርም' ይላል። እኔማ እሳቸው እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደሉም ብዬ ስሟገት ዋልኩ።"

አቶ ደምሰው ማላመጣቸውን አቆሙ። "ማነው ያለው?"

"ኧረ ይተዉት! ይብሉ እንጂ።"

አቶ ደምሰው ስልካቸውን አውጥተው እየጮሁ ወጡ። "ረቡዕ! ከረቡዕ ንቅንቅ የለም!"

"እማዬ!" አለች ማስተዋል።

"ምን አልኩ? እንግዳን ብላ ማለት ነውር ሆነ?"

ልጅቷ ሻንጣዋን ከፍታ አንሶላዋን አወጣችና አልጋዋን ታነጥፍ ጀመር። ወይዘሮ ትርንጎ ሊያግዟት አንዱን ጫፍ ሲይዙ፣ ማስተዋል ቀና ብላ ሳታያቸው ከእጃቸው ሳብ አድርጋ ወሰደችው።