ቀልደኛው ይፈልግዎታል

ገብረየስ ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ውስጥ የወይዘሮ ፋሪሃን ግቢ ሲጠብቅ ነው ጠጉሩ የሸበተው። የጓዳው ቁልፍ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ይውል ነበር፤ የሚያወርደውም የሚሰቅለውም እሱ ነው። ቀልዱ ከወጣ ወዲህ ግን ወይዘሮዋ ቁልፉን አንስታ በክር አንገቷ ላይ አሰረችው። ምስማሩ ባዶውን ቀረ።

ቀልዱን ያመጣው ረሺድ የሚባል ወጣት የካርቱም ቀልደኛ ነው። ሰርግ ላይ ተነስቶ፣ የሐበሻ ዘበኛን ዐረብኛ እያስመሰለ፣ "ሐበሻ ቤትህን ሲጠብቅ ዕቃ አይጠፋም፤ ባለቤት ብቻ ነው የሚቀይረው" አለ። ዘበኛውንም "ገብሬ" ብሎ ሰየመው። ታዳሚው ተንከተከተ። ቪዲዮው ከስልክ ስልክ ዞረ። ከዚያ በኋላ ገብረየስ ዳቦ ሊገዛ በወጣ ቁጥር ባለ ሱቁ፣ "አንተ ገብሬ! ዛሬስ ምን ባለቤት ቀየረ?" ይለዋል።

እሱ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል። ማለፍ ያቃተው ሱቅ ዐረቢ ገበያ ስልክ የሚጠግነው የአገሩ ልጅ ጌታሁን ነው።

"ጋሼ፣ እዚህ ጋ ይቁሙና ካሜራውን ይዩ።"

"ምን ልታደርገኝ?"

"ምንም። የሚሰማዎትን ብቻ ይንገሩኝ።"

"የሚሰማኝማ ጉልበቴን ነው።"

ጌታሁን ስቆ ፎቶውን አነሣ። ከሥሩ፣ "ረሺድ እኚህን አባት በአደባባይ ይቅርታ ይጠይቅ!" ብሎ ጻፈና ፌስቡክ ላይ ለቀቀው። ነገሩ ተጋጋለ። ረሺድን የጠሩት ሰርጎች አንድ በአንድ ይቅርብን አሉ።

ገብረየስ ይህን ሲሰማ ወደ ጌታሁን ሱቅ ገሰገሰ።

"አንተ ልጅ፣ ምን አደረግሁህ? የሰውየውን የእንጀራ ገመድ በእኔ ስም ትቆርጣለህ? እሱ በአገሩ ነው። የእኔ የመኖሪያ ወረቀት ጊዜው አልፏል። አንዲት ቃል ለፖሊስ ቢተነፍስ መተማ ነው የምጣለው!"

"አይፍሩ ጋሼ። ይቅርታ ሳይጠይቅዎት አንለቀውም።"

"እኔ ለቅቄዋለሁ አልኩህ!"

ሐሙስ ዕለት ወይዘሮ ፋሪሃ ከበረንዳው ጠራችው።

"ያ ዐም፣ አጎቴ፣ ቀልደኛው መጥቶ ነበር። ዓርብ ዓርብ የት እንደምትውል ጠየቀኝ።"

"ነገሩት?"

"ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር፣ የአጎቱ ልጅ ጋ አልኩት። ደግሞ ዘመድ አለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።"

ዘመድ አለው ወይ። በማግሥቱ ሐጅ ዩሱፍ የሚያደርሰው ባለ ሦስት እግር ረክሻ ውስጥ ተቀምጦ ይህችኑ ቃል ሲያገላብጥ ሄደ። ሰው የሰውን ዘመድ የሚጠይቀው ምን ሊያደርገው ነው? ደም የሚመልስለት እንዳለ ሊያውቅ ነው፣ ሌላ ምን?

የአጎቱ ልጅ ማዘንጊያ ደጇ ላይ ሻይ እየሸጠች የምትኖር ሴት ናት። ገና ገብቶ ሳይቀመጥ ስልኩ ጮኸ። ሙሚና ነበረች፣ የረሺድ እናት ቤት የምትሠራው የወሎ ልጅ።

"ጋሼ፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ነዎት?"

"ነኝ። ምነው?"

"አልሐምዱሊላህ። በሉ ከቤት እንዳይወጡ። የትም።"

ስልኩ ተዘጋ።

"ሸጠችኝ!" አለ ገብረየስ። "የአገሬ ልጅ ስላት ለጌቶቿ ሸጠችኝ!"

"ታዲያ ምን ትጎለታለህ? ተነሥና ውጣ!" አለች ማዘንጊያ።

"እኔ ብወጣ ያንቺን በር ነው የሚሰብሩት።"

ተነሣ። ተቀመጠ። ደግሞ ተነሣ። ውሃ ጠየቀና ሳይጠጣው አስቀመጠው።

"ይቅርታ እጠይቀዋለሁ" አለ በመጨረሻ።

"አብደሃል? የሰደበህ እሱ፣ ይቅርታ ጠያቂው አንተ?"

"አፍ ያለው እሱ ነው። እኔ ያለኝ ጉልበት ነው፤ እሱም መታጠፍ ከቻለልኝ።"

ከዚያ በቆርቆሮው በርና በአልጋው መካከል እየተመላለሰ ዐረብኛውን ያጠና ጀመር። "ማዓሌሽ ያ ወለዲ… ማዓሌሽ ልጄ…" ቃሉ አልታዘዝ ይለዋል።

ውጭ መኪና ቆመ። ማዘንጊያ ዓይኗን በበሩ ቀዳዳ ላይ ለጠፈች።

"ጀርባው ክፍት ቦክስ መኪና ነው። ከኋላ ሰዎች ጭኗል።"

"እሱስ?"

"ወረደ። ያቺ ሙሚናህም ከፊት ተቀምጣለች።"

"አላልኩሽም!"

"ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቷል፣ ሻይ የሚጠጡትም ተነሥተዋል… ኧረ በሥላሴ! ድንጋይ! የሰው ራስ የሚያህል ድንጋይ ከመኪናው አነሣ!"

ገብረየስ አማተበ። ባለፈው ክረምት በዚሁ መንገድ የአንዲት ሐበሻ በር በድንጋይ ተደብድቦ ሲወድቅ በዓይኑ አይቷል።

"ክፈቺው" አለ።

"አልከፍትም!"

"ማዘንጊያ፣ ሳይሰብሩብሽ ክፈቺው።"

ቆርቆሮው ገና ሲንቋቋ ገብረየስ ደፉ ላይ በጉልበቱ ወደቀ፤ ግንባሩን ከአፈሩ ደፋና ዓይኑን ጨፈነ።

"ማዓሌሽ ያ ወለዲ! ፎቶውን ያነሣሁት እኔ አይደለሁም! ስለ እናትህ ማረኝ!"

አንድ ሰው ከፊቱ ያለከልካል። ከዚያ የሙሚና ድምፅ በዐረብኛ ተሰማ።

"ዝቅ በል። ገና ዝቅ በል።"

"ብያለሁ እኮ" አለ ገብረየስ፣ ከንፈሩን አፈር እየነካው። ማጅራቱን አሳልፎ ሰጥቶ ድንጋዩን ጠበቀ። ጠበቀ። አልወረደም።

ቀና ሲል የረሺድ ፊት ከፊቱ ትይዩ ነበር፤ ልጁ ከደፉ ወዲያ ተንበርክኮ፣ ሙሚና እንዳስተማረችው ድንጋዩን በራሱ ማጅራት ላይ ተሸክሟል።