አራተኛው ዳማ

ቢላል የቀለም መምረጫዋን ነጥብ በጣቱ ቀስ አድርጎ ወደ ግራ ይገፋታል። ስክሪኑ ላይ ከቆሙት አምስት የግራፍ አምዶች የመጀመሪያው ሰማያዊነቱን እየለቀቀ አመድ ይመስላል።

«ዳለቻ እንዲህ ነው፣ አባ?»

«ትንሽ ጭስ ጨምርበት» ይላሉ አባቱ፣ ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው። «ዳለቻ ማለት ጭስ የጠገበ ነው።»

ቢላል ጭስ ይጨምራል።

ውጭ ወልድያ ላይ ደመና ተደፍቷል። መብራት ከሄደ ቆይቷል፤ በጠባቧ የኪራይ ክፍል ውስጥ የሚያበራው ላፕቶፑ ብቻ ነው። ከነገ ወዲያ በመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ የአምስት ገበያዎችን የከብት ቁጥር በግራፍ ማቅረብ አለበት። ያለፈው ጊዜ ፓወር ፖይንት በራሱ የሰጠውን ቀለም ሳይነካ ነበር ያቀረበው። የአዳራሹ አሮጌ ፕሮጀክተር ቀለሙን ሁሉ አጥቦ አንድ አደረገውና ሰው የመርሳን ገበያ ከሐራው መለየት አቃተው። አሁን የራሱን ቀለም እያበጀ ነው። ሐሳቡ ግን የአባቱ ነው። «ከብት ከሆኑ የከብት ቀለም አልብሳቸዋ» አሉት፣ ሻያቸውን ፉት እያሉ።

አባቱ ረዲ ከሐብሩ የመጡት ለነገው ገበያ ነው። ዳማው በሬያቸው ጓዱ ሞቶበት ብቻውን ቀርቷል፤ የዓመቱ ማሾ ተሸጦ በወገባቸው ታስሯል። ለዳማው ሌላ ዳማ ይፈልጉለታል። ይህን ደግሞ ሌላ ሰው አይመርጥላቸውም። በአገሩ ረዲ ማለት ወንዝ ማዶ የቆመን በሬ በጠጉሩ የሚለዩ፣ ከብት የጠፋበት ሁሉ የሚጠይቃቸው ሰው ናቸው። ጠዋት ቢላል «ነገ አብሬዎት ልውጣ?» ቢላቸው፣ «አንተ የወረቀት በሬዎችህን ጠብቅ» ብለው ስቀውበታል።

«ሁለተኛው?»

«ቡላ ይሁን። የደረቀ የማሽላ አገዳ አይተህ የለ?»

«ሦስተኛው?»

«ወይኖ። ቀዩ ማሽላ ደርሶ ሊጠቁር ሲል።»

«አራተኛው?»

«አራተኛው ዳማ ነው።» ድምፃቸው ለዘብ ይላል። «እሱን ተጠንቅቀህ ሥራው። ዝናብ የመታው ቀይ አፈር ነው፣ ፀሐይ ስትወጣበት።»

ቢላል ይፈልገዋል። ቀዩን ያደበዝዘዋል፤ ከዚያ መልሶ ጥቂት ብርሃን ይሰጠዋል። የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ አምዱ አምድ መሆኑን ይተዋል። አምስተኛውን ጥቁር አድርጎ ወደ ኋላ ቀና ሲል አምስቱም ጎን ለጎን ቆመው ይታዩታል፤ ነጩ ስላይድ የማለዳ ጉም ሆኖ እግራቸውን ሸፍኖታል። የላፕቶፑ ማራገቢያ ሲተነፍስ እነሱ የሚተነፍሱ ይመስለዋል። ትንሽ ቢቆይ አንዱ ጆሮውን የሚያርገበግብ ይመስለዋል።

ረጅሙ የመጀመሪያው አምድ ነው። ጥቁሩ እሱ ላይ ቢሆን ጎልቶ ይታያል ብሎ ያስብና የቀለሞቹን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። ጥቁሩ መጀመሪያ፣ ዳለቻው መጨረሻ ይሆናል። ዳማው ሁለተኛ ላይ፣ ቡላው አራተኛ ላይ ይቆማል።

«ማሻአላህ» ይላሉ አባቱ፣ ስክሪኑን እያዩ። «አራተኛውን እየው። ቁርጥ የኔ ዳማ።»

ቢላል ፈገግ ይላል፤ እየቀለዱ መስሎታል። ዞር ብሎ ሲያያቸው ግን ፊታቸው ላይ ቀልድ የለም። በሬያቸውን ያገኙ ሰው ፊት ነው።

«የመጀመሪያውስ፣ አባ?»

«ዳለቻው? ጭሱ በዛበት እንጂ መልካም ነው።»

ጥቁሩ አምድ ዝም ብሎ ቆሟል። ቢላል ጠዋት የሆነውን ያስታውሳል፦ አባቱ የሻዩን ብርጭቆ ያገኙት ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ዳብሰው ነው። ትናንት መናኸሪያ ሲቀበላቸውም ድምፁን እስኪሰሙ ድረስ እጃቸውን አልዘረጉለትም።

ጣቱ ወደ ቁልፉ ይሄዳል። አንዴ ቢነካው ቀለሞቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ የአባቱ ቃልም እውነት ይሆናል። ማንም ምንም አይልም። ነገ ግን ገበያው መሐል በሬዎቹን የሚገለብጥ ቁልፍ የለም። የዓመቱ ማሾ በማያዩት በሬ ይለወጣል፤ የአገሩ ሰው ሁሉ ረዲ ያመጡትን ሊያይ ይወጣል።

ጣቱን ያነሳል።

«አባ፣ ገልብጬዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ቀለሞቹን። አራተኛው አሁን ቡላ ነው።»

ቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ይወድቃሉ፤ ከታች መንገዱ ላይ አንድ ባጃጅ እያቃሰተ ዳገቱን ይወጣል።

«ዓይኔ ላይ ጉም ነው» ይላሉ አባቱ። «ክረምቱ ሲወጣ አብሮ ይገፈፋል ብዬ ነበር። አልተገፈፈም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? ረዲ በሬ መለየት አቃተው ብዬ?» ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ያስተካክላሉ። «እኒያ የወረቀት በሬዎችህ ... ነገ አንድ ቀን ብቻቸውን ይውላሉ?»

«ይውላሉ፣ አባ። የትም አይሄዱም።»

«እንግዲያው ኢንሻአላህ።»

ከአልጋው ይነሳሉ። እጃቸውን ዘርግተው ወደ ብርሃኑ ሲመጡ ነጭ ጋቢያቸው የአምዶቹን ቀለም እየተቀባ ይቀርባል። መዳፋቸው ስክሪኑን ያገኘዋል፤ ቡላው ላይ ያርፋል፣ ይጠብቃል።

ቢላል የእጃቸውን አንጓ ይዞ ወደ ግራ ይወስደዋል፤ ወይኖውን አሳልፎ ዳማው ላይ ያሳርፈዋል።

«እዚህ ጋ ነው።»

ቀዩ ብርሃን በጣቶቻቸው መሐል ይወጣል። አባቱ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከታች ወደ ላይ፣ ጠጉሩን እንዳይረብሹበት ቀስ እያሉ ይዳብሱታል።