ከገጹ የወረዱት አባት

የምንትዋብ ቤት የሚታዘዘው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በሚበራው ገጽ ውስጥ ዊጀት፣ ማለትም ስለ እሱ የምታሳይ ትንሽ ሳጥን፣ ለተመዘገበለት ሰው ብቻ ነው። መብራቱም፣ ቧንቧውም፣ በሩም እንደዚያው። የአባቷ ዊጀት ግን አንድ ጣጣ አለበት፤ ሽንት ቤት የሚሄዱበትን ሰዓት በትልቁ ያሳያል። ዛሬ የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ለምሳ ሲመጡ ይህን እንዳያዩባት ብላ ዊጀቱን ከገጹ አወረደችው፤ እነሱን ግን «እንግዳ» ብላ መዘገበቻቸው። አባቷ ተኝተው ነበር። «ሳይነሱ እመልሰዋለሁ» አለች በልቧ። ጨዋታው ሲደራ ግን ረሳችው።

እንግዶቹን ሸኝታ የአባቷን ክፍል ስትከፍት፣ መጋረጃው እንደተዘጋ፣ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ከረባታቸውን አስረው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሱሪያቸው ርሷል።

«እንግዶቹን እንኳን ደህና መጣችሁ ልል ነበር» አሉ፣ ጋቢያቸውን ወደ ጭናቸው እየሳቡ። «በሩ እምቢ አለኝ። ልጣራ ብል ደግሞ ሰው ፊት አሳፍርሻለሁ ብዬ ተውኩት።»

ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። ወደ ሳሎን ሮጣ ዊጀቱን ልትመልስ ስትል፣ ገጹ እንደ አዲስ ጠየቃት፦ «ይህ ሰው ለቤቱ ምኑ ነው?»

አባቷ ግድግዳውን ይዘው ከኋላዋ ደርሰው ነበር።

«እንግዳ በዪው፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ለእንግዳ ሲከፍት ሰምቻለሁ።»