ጋኑና ግድግዳው

ሬሐና ዓይኗ ባያይም፣ ጆሮዋን የሚያህል በሰበታ እንደሌለ ታምናለች። አባቷ ከሱቁ ጥግ በርጩማ ላይ ሊያስቀምጣት ሲል «የማይሸጥ ዕቃ አይደለሁም» ብላው ወጣች፤ ከኦቦ ጂሬኛ ግቢም አንድ ክፍል ተከራየች።

እዚያ ከዮአብ ጋር ሸክላ ትሠራለች። ዮአብ አንድ እግሩን ግንባታ ላይ ያጣ የወላይታ ልጅ ነው። ክራንቹን ተደግፎ በቀረችው እግሩ እየዘለለ ጭቃውን ይረግጣል፤ እሷ ደግሞ የተደፋ ጋን እየመታች ታዘልለዋለች።

ነገር የተበላሸው ጂሬኛ እናቱን ከገጠር አምጥቶ ከግድግዳው ማዶ ካስተኛቸው በኋላ ነው። አዴ ሎሚ ከአልጋቸው አይወርዱም፤ ግድግዳውን ግን ይደበድባሉ። በተለይ እነሬሐና ለምሳ ሲቀመጡ።

«ምሳችንን ሊያስተፉን ነው» ይላል ዮአብ።

አንድ ቀን ጂሬኛ በሩ ላይ ቆመ። «አልጋዋን እያናወጣችሁባት ነው መሰለኝ። ልስኑ ረግፎ አለቀ። እስከ ቅዳሜ ካላረፈች ክፍሌን ትለቃላችሁ።»

«ድምፁን እንቀንሳለን፣ ኦቦ» አለች ሬሐና። ልመና አፏን መረራት።

ጋኑ ላይ ጨርቅ ጣለችበት። ድብደባው ባሰ። ዮአብ ጭቃውን በእጁ ማቡካት ጀመረ። ግድግዳው ሊፈርስ ደረሰ።

«ምን አድርጉ ነው የሚሉን?» አለ ዮአብ።

«ዕውርና ቆራጣ ጎረቤት አይመጥናቸውማ!» ሬሐና ወደ ግድግዳው ዞራ ጮኸች። «አዴ ሎሚ! የትም አንሄድም!»

መልስ የለም። ንቀት ነው፣ አለች በሆዷ። ከዚያ ቤት የማትሰማው ወሬ የለም፤ ጂሬኛ ከሚስቱ ሲጨቃጨቅ፣ ልጆቹን ሲቆጣ። ለእናቱ ግን አንዲት ቃል ሲናገር ሰምታ አታውቅም። ልጃቸውንም ቢሆን አኩርፈውታል ማለት ነው።

ቅዳሜ ጂሬኛ ጓጉንቸር ይዞ መጣ። «ዕቃችሁን አውጡ።»

«እንወጣለን። ግን ጨፍረን ነው የምንወጣው!» ጨርቁን ከጋኑ ላይ ገፍፋ ወረወረችው። «ዮአብ፣ ርገጥ! የፈለጉትን ይሁኑ!»

በሁለት መዳፏ ጋኑን ወረደችበት። ዮአብ በክራንቹ ወለሉን እየመታ ዘለለ፤ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ጀበናዎች ተንቀጫቀጩ። ግድግዳው ማዶ ጸጥ አለ። አሸነፍኳቸው፣ አለች ሬሐና።

ከዚያ በረንዳው ላይ የሚጎተት እግር ሰማች።

«ሀዳ ኮ!» አለ ጂሬኛ። ጓጉንቸሩ ከእጁ ወደቀ።

እናቱ ናቸው። ሬሐና ስድቡን ለመቀበል አገጯን ቀና አደረገች፤ ምቱን ግን አላቆመችም። ደረቅ፣ ቀላል መዳፍ ከእጇ ጎን መጥቶ ጋኑ ላይ ልጥፍ አለ። ሊያፍኑባት ነው። ተናዳ እጇን ከጋኑ ላይ አነሳች።

«አደራሽን አታቁሚ!» አለ ጂሬኛ። «ለካ ግድግዳውን የምትደበድበው ስታቆሙባት ነው! እናቴ ከተወለደች ጀምሮ ድምፅ ሰምታ አታውቅም።»